ላቲን ማን ነው?

(በሬድዮ ከተነገረ የታሪክ ንግግር)



በአገራችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የአንድን ሰው ስም መልአክ ቢያወጣው፣ የሕዝብን ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጡት ጦርነት፣ ሕግ፣ ሃይማኖትና የመንግሥታት ፖለቲካ መሆናቸውን ታሪክ ያስረዳናል። ለዚህ ነገር ከብዙዎቹ ምስክሮች አንዱ «ላቲን» የሚለው ስም ነው። የላቲን ቋንቋ፣ የላቲን ፊደል፣ የላቲን ቤተ ክርስቲያን፣ ላቲን አሜሪካ ሲባል ዘወትር እንሰማለን። ነገር ግን አንድ ሰው ተነሥቶ «ላቲን ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ እንደ ጥያቄው አጭር አይሆንም። የሮማ ልጅ ነው እንዳንል፣ ላቲን ተብሎ የሚጠራው የሜክሲኮ ወይም የፔሩ ሰው አባቶቹ ከሮማ አልመጡም። የካቶሊክ ሃይማኖት ተከታይ ነው እንዳንል፣ ቋንቋው ከላቲን የተወለደው የሩማንያ ሕዝብ አብዛኛው ኦርቶዶክስ ነው። ከላቲን በተወለደ ቋንቋ የሚናገር ነው እንዳንል ደግሞ፣ በኢየሩሳሌምና በቤተ ልሔም «ላቲን» የሚባሉት ክርስቲያኖች ዐረብኛ ተናጋሪዎች ናቸው።

ስለዚህ ስሙ ከወዴት እንደ ተነሣ፣ በማን እጅ እንዳለፈ፣ በየጊዜውም ለምን ጉዳይ እንዳገለገለ ተራ በተራ እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተነገረ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

የስሙ መነሻ

ላቲን የሚለው ስም በመጀመሪያ ከአንድ ቦታ ስም የወጣ ነው። ከቲቤር ወንዝ ወደ ደቡብ፣ ከአልባ ተራሮች ግርጌ እስከ ባሕር ድረስ የተዘረጋው ሜዳ ላቲዩም ይባል ነበር፤ ዛሬም ኢጣልያኖች አውራጃውን ላጺዮ ይሉታል። ብዙዎች የቋንቋ ሊቃውንት ስሙን «ሰፊ» ከሚል ጥንታዊ ቃል ያወጡታል። በዚህ ሜዳ የሚኖሩት ሕዝቦች ላቲኒ ተባሉ። ሮማም በመጀመሪያ ከላቲን ከተሞች አንዲቱ እንጂ የሁሉ እመቤት አልነበረችም።

እነዚህ ከተሞች በየዓመቱ በአልባ ተራራ ላይ ተሰብስበው ዩፒተር ለተባለው አምላካቸው መሥዋዕት ያቀርቡ ነበር። የተሠዋው የበሬ ሥጋ ለየከተማው እየተከፈለ ይሰጣል። ከሥጋው ድርሻ ያላት ከተማ የላቲን ከተማ ናት፤ ድርሻ የሌላት አይደለችም። እንግዲህ ገና ከጥንቱ ላቲን መሆን የሚታወቀው የአያት ቅድመ አያትን የዘር ሐረግ በመቍጠር ብቻ ሳይሆን፣ ከማዕዱ ለመካፈል መብት በማግኘት ነበር ማለት ነው።

ባለቅኔው ቨርጂል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ዓመት ሲሞት ትቶት ባለፈው «ኤነይድ» በተባለው መጽሐፉ ስለዚህ ስም አንድ ጥልቅ ነገር ተርኳል። ከትሮያ ጥፋት ያመለጠው ኤኔያስ በላቲዩም ላይ ድል ሊያገኝ በተቃረበ ጊዜ፣ የአማልክቱ ንግሥት ዩኖ ባሏን አንድ ነገር ትለምነዋለች፤ ይኸውም የአገሬው ሰዎች ስማቸውን፣ ቋንቋቸውንና ልብሳቸውን እንዳይለውጡ፣ ትሮያውያን ተብለውም እንዳይጠሩ ነው። እርሱም ልመናዋን ይቀበላል። ስለዚህ በታሪኩ ውስጥ ድል አድራጊው አገሩን ሲወስድ ስሙን ግን ድል ለሆኑት ይተዋል። ይህ አፈ ታሪክ ነው፤ ሆኖም ሮማውያን ራሳቸው ላቲን የሚለውን ስም የንጹሕ ዘር ሳይሆን የተቀላቀሉ ሕዝቦች የጋራ ስም አድርገው ይመለከቱት እንደ ነበር ያሳየናል።

ስሙ የሕግ መዓርግ በሆነ ጊዜ

ሮማ እያየለች በሄደች ጊዜ ሌሎቹ የላቲን ከተሞች ተነሡባት፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ340 እስከ 338 የቆየ ጦርነት ሆነ፤ ሮማም ድል አደረገች። ከዚህ በኋላ የላቲኖችን ማኅበር አፈረሰች፤ ስማቸውን ግን አላጠፋችም። ይልቁንም ስሙን ከሕዝቡ ለይታ የሕግ መዓርግ አደረገችው። ላቲን የተባለ ሰው ከሮማ ዜጋ ጋር በሕግ የጸና ውል ይዋዋላል፤ ሌሎችም አንዳንድ መብቶች ነበሩት፤ ነገር ግን ሙሉ የሮማ ዜጋ አልነበረም። ከባዕዱ ከፍ፣ ከዜጋው ዝቅ ብሎ በመካከል የቆመ ሰው ነበር።

ይህ መዓርግ ላቲዩምን አይተው ለማያውቁ ሰዎች ሁሉ ይሰጥ ጀመር። ሮማ በኢጣልያ ውስጥ የላቲን ሰፈሮች የሚባሉ አዳዲስ ከተሞችን ቆረቆረች፤ ለምሳሌ ያህል ዛሬ ሪሚኒ የምትባለው ከተማ በ268 ዓመት፣ ክሬሞናም በ218 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ተቆርቁረዋል። መሬት ለማግኘት ሲል በእነዚህ ከተሞች ለመስፈር የተመዘገበ የሮማ ተወላጅ ዜግነቱን ትቶ «ላቲን» ይሆን ነበር። ሕጉ አንዱን ሮማዊ በአንድ ቀን ላቲን ያደርገዋል ማለት ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ አለ። ታሪክ ጸሐፊው ሊቪዩስ እንደሚተርከው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ171 ዓመት ከእስፓኝ የመጡ መልእክተኞች በሮማ የሽማግሌዎች ሸንጎ ፊት ቀረቡ። እነርሱም ከሮማ ወታደሮችና ከእስፓኝ ሴቶች የተወለዱ፣ የወላጆቻቸው ጋብቻ በሮማ ሕግ የማይታወቅላቸው፣ ቍጥራቸው ከ4,000 የበለጠ ሰዎች የላኳቸው ነበሩ። የሚለምኑትም የሚኖሩበት ከተማ እንዲሰጣቸው ነበር። ሸንጎውም ከጂብራልታር አጠገብ በምትገኘው በካርቴያ እንዲሰፍሩና ከተማቸው የላቲን ሰፈር እንድትባል ፈቀደ። ከኢጣልያ ውጭ ላቲን ከተባሉት ከመጀመሪያዎቹ መካከል እንግዲህ አባታቸው ከአንድ ሕዝብ፣ እናታቸው ከሌላ ሕዝብ የሆኑ፣ በሁለቱም ዘንድ ስፍራ ያጡ ልጆች ነበሩ። አንባብያን ይህን ነገር በልባቸው ይያዙት፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ በአሜሪካ እናገኘዋለንና።

ስሙ ወደ ባሮችም ዘንድ ደረሰ። ጌታቸው ሙሉውን ሥርዓት ሳይፈጽም ነጻ ያወጣቸው ባሮች ዩኒያ በተባለው ሕግ መሠረት ላቲኖች ተባሉ። እነዚህ ሰዎች በሕይወት ሳሉ እንደ ነጻ ሰው ይኖራሉ፤ መናዘዝ ግን አይችሉም፤ በሞቱም ጊዜ ንብረታቸው ለልጆቻቸው ሳይሆን ለቀድሞ ጌታቸው ይመለሳል። በኋላም ቄሣር ቬስፓስያን የላቲንን መብት ለእስፓኝ ሁሉ ሰጠ። በመጨረሻ በ212 ዓ.ም. ቄሣር ካራካላ በግዛቱ ለሚገኙት ነጻ ሰዎች ከጥቂቶች በቀር የሮማን ዜግነት ስለ ሰጠ፣ የዚህ መዓርግ ዋጋ እየቀነሰ ሄደ። ላቲን የሚለው ስም ከዚያ ወዲያ በተለይ የቋንቋ ስም ሆኖ ኖረ።

እናት ቋንቋና ልጆቿ

በሮማ ግዛት የነበሩ ወታደሮች፣ ነጋዴዎችና ገበሬዎች የሚናገሩት ላቲን በመጻሕፍት እንደሚገኘው ላቲን አልነበረም። የምዕራቡ መንግሥት በ476 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ በየአገሩ የሚነገረው ቋንቋ በየፊናው እየተለወጠ ሄደ። ሌሊት ማለት በላቲን ኖክስ ነው፤ ሲረባም ኖክቴም ይሆናል። ይህ አንዱ ቃል በኢጣልያ ኖቴ፣ በእስፓኝ ኖቼ፣ በፖርቱጋል ኖይቴ፣ በፈረንሳይ ንዊ፣ በሩማንያ ኖአፕቴ ሆነ። የአንድ እናት ልጆች በመልካቸው እንደሚመሳሰሉ፣ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ጠባይ እንደሚኖራቸው ማለት ነው።

የሚያስደንቀው ነገር ግን ሕዝቡ ቋንቋው መለወጡን ለረጅም ጊዜ አለማስተዋሉ ነው። በ813 ዓ.ም. በቱር ከተማ የተሰበሰቡት ጳጳሳት፣ ሁሉም ሰው እንዲያስተውለው ስብከቱ ሕዝቡ ወደሚናገረው «የባላገር ሮማይስጥ» ወይም ወደ ጀርመንኛው እንዲተረጎም አዘዙ። በ842 ዓ.ም. ደግሞ የታላቁ የካርል የልጅ ልጆች የሆኑት ሁለት ወንድማማቾች በስትራስቡርግ ቃል ኪዳን ሲጋቡ፣ የጀርመኑ ሉድቪግ የወንድሙ ወታደሮች እንዲያስተውሉት በሮማይስጡ ማለ፤ ካርልም በጀርመንኛ ማለ። ይህ የመሐላ ቃል ወደ ፈረንሳይኛ ያዘነበለው ንግግር በጽሑፍ ከታየባቸው ሰነዶች የመጀመሪያው ተብሎ ይቈጠራል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሕዝቡ የሚናገረው የሮማ ስም ተሰጠው እንጂ የላቲን ስም አልተሰጠውም። ላቲን የሚለው ስም ለካህናቱና ለሊቃውንቱ ቋንቋ ተለይቶ ቀረ።

ሆኖም ስሙ ከሕዝቡ አፍ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ትርጕሙን እየለወጠ በየመንደሩ ቀረ። በጥንቱ ፈረንሳይኛ ላቲን ማለት ማንኛውም ቋንቋ ማለት ሆነ፤ ወፎች እንኳ «በላቲናቸው» ይዘምራሉ ይባል ነበር፤ አስተርጓሚውም ላቲንዬ ተባለ። በእስፓኝ ላዲኖ የተባለው በመጀመሪያ የእስፓኝን ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር ባዕድ ነበር፤ በኋላም ቃሉ «ብልጥ» ማለት ሆነ። በ1492 ከእስፓኝ የተባረሩት አይሁድ ይዘውት የወጡት ቋንቋም በዚሁ ስም ይታወቃል። በጓቴማላ ደግሞ ላዲኖ ማለት የማያን ቋንቋና ልብስ ትቶ የእስፓኝን ልማድ የያዘ ሰው ማለት ነው። በሰሜን ኢጣልያ በዶሎሚት ተራሮች የሚኖር ጥቂት ሕዝብም ቋንቋውን ላዲን ይለዋል። አንድ ቃል ነው፤ አራት ዓይነት ሰው ይጠራበታል።

የሊቃውንቱ ላቲን ግን የማንም ሕዝብ የአፍ መፍቻ ስላልሆነ የሁሉም ሊሆን ቻለ። እንግሊዛዊው ኒውተን በ1687 ታላቁን የፍልስፍና መጽሐፉን ያሳተመው በላቲን ነው። የሐንጋሪ መንግሥት እስከ 1844 ድረስ የሥራ ቋንቋው ላቲን ነበር። የአገራችንም ታሪክ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ በሰፊው የታወቀው በዚሁ ቋንቋ ነው። በ1652 ጎታ ወደምትባለው የጀርመን ከተማ የተጋበዘው ኢትዮጵያዊው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ ለጀርመናዊው ለኢዮብ ሉዶልፍ የአገሩን ቋንቋና ታሪክ አስተማረው፤ ሉዶልፍም በ1661 የግእዝ መዝገበ ቃላቱን፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን ጽፎ አሳተመ። ያስተማረው ላቲን አይደለም፤ የጻፈውም ላቲን አይደለም፤ ያገናኛቸውን ሥራ ለዓለም ያደረሰው ቋንቋ ግን ላቲን ነው።

በምሥራቅ የተሰጠው ትርጕም

አሁን ወደ ምሥራቅ እንለፍ፤ በዚያ ስሙ ፈጽሞ ሌላ ትርጕም ይዟልና። የቍስጥንጥንያ ሰዎች በግሪክኛ እየተናገሩ ራሳቸውን «ሮማውያን» ይሉ ነበር። የሮማን መንግሥት ሳያቋርጡ የወረሱ እነርሱ ስለ ነበሩ ይህን ለማለት በቂ ምክንያት ነበራቸው። ከምዕራብ የሚመጡትን ፈረንሳዊውንም፣ ጀርመኑንም፣ ኢጣልያዊውንም በአንድነት «ላቲኖች» ይሏቸው ነበር። በ1054 የሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት መለያየት ከተገለጠ በኋላ ይህ ስም የጠላትነት መንፈስ እየያዘ ሄደ። በ1182 የቍስጥንጥንያ ሕዝብ በከተማው ይኖሩ የነበሩትን ላቲኖች ፈጀ፤ በ1204 ደግሞ የመስቀል ጦረኞች ከተማይቱን ይዘው ዘረፏት፤ በዚያም እስከ 1261 የቆየ፣ ታሪክ «የላቲን መንግሥት» የሚለውን ግዛት አቆሙ። የመጀመሪያው ንጉሣቸው የፍላንደር መስፍን ባልድዊን ነበር። እንግዲህ ሮማዊ ነኝ የሚለው ግሪክኛ ይናገራል፤ ላቲን የተባለው ከሰሜን ባሕር ዳርቻ የመጣ ነው። በዚህ ቦታ ስሙ የሃይማኖት ወገን ምልክት ብቻ ነበር።

ይህ ትርጕም እስከ ዛሬ በኢየሩሳሌም ይኖራል። በዴር ሡልጣን የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በጎልጎታ አጠገብ ጎረቤቶቻቸው ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ግብጾች፣ ሶርያውያንና ላቲኖች ናቸው፤ ላቲን ማለትም በዚያ የሮማ ካቶሊክ ማለት ነው። በመስቀል ጦርነት ዘመን ተቋቁሞ የጠፋው የላቲን ፓትርያርክ መንበር በ1847 በኢየሩሳሌም እንደ ገና ተቋቋመ፤ በ1987ም በናዝሬት የተወለዱት ሚሼል ሳባሕ የመጀመሪያው ዐረብ የላቲን ፓትርያርክ ሆኑ።

የሩማንያ ክርክር

ስሙ ለተዋረደ ሕዝብ መከላከያ ሊሆን እንደሚችል የሚያስረዳን የሩማንያ ታሪክ ነው። ቄሣር ትራያን ዳኪያን በ106 ዓ.ም. ያዘ፤ ሮማ ከመቶ ሰባ ዓመት ያህል በኋላ አገሩን ለቅቃ ወጣች። ከዚያ ወዲያ በስላቮችና በሐንጋሪዎች መካከል፣ ሃይማኖቱ ኦርቶዶክስ፣ ጽሕፈቱ በቄርሎስ ፊደል የሆነ፣ ቋንቋው ግን ከላቲን የተወለደ ሕዝብ ይገኛል። ይህ ሕዝብ ራሱን ሩሙን ይል ነበር፤ ይኸውም ሮማዊ ማለት ነው። ጎረቤቶቹ ግን ቭላህ ይሉታል፤ ይህ ስም ጀርመኖችና ስላቮች በላቲን ልጆች ቋንቋ ለሚናገር ባዕድ ሁሉ የሚሰጡት ነው፤ ፖላንዳውያን ዛሬም ኢጣልያን በዚሁ ስር ከወጣ ቃል ይጠሯታል።

በትራንሲልቫንያ መብት የነበራቸው የሐንጋሪ መኳንንት፣ ሴኬሎችና ሳክሶኖች የተባሉ ሦስት ወገኖች ነበሩ። ሩማንያውያን ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሲሆኑ እንደ ሕዝብ አይቈጠሩም ነበር። በዚህ ጊዜ ሳሙኤል ሚኩና ጆርጅ ሺንካይ የተባሉ ሊቃውንት ተነሥተው በ1780 በቪየና የሰዋስው መጽሐፍ አሳተሙ፤ በዚህም ቋንቋቸው የላቲን ልጅ መሆኑን አስረዱ፤ ቃሎቻቸውንም በላቲን ፊደል ጻፉ። ነገሩ ለሰዋስው ፍቅር ብቻ የተደረገ አልነበረም። «እኛ ትናንት የመጣን ስደተኞች አይደለንም፤ ከሁላችሁም አስቀድሞ በዚህ አገር የሰፈሩት የሮማውያን ልጆች ነን» ለማለት ነበር። በ1791ም ከሌሎቹ ጋር እኩል መብት እንዲሰጣቸው ለንጉሠ ነገሥቱ ለሌኦፖልድ ሁለተኛ በላቲን የተጻፈ አቤቱታ አቀረቡ። አቤቱታው ተቀባይነት አላገኘም፤ ሐሳቡ ግን አልሞተም። ከ1860 ዓመታት መጀመሪያ አንሥቶ በሩማንያ የቄርሎስ ፊደል በላቲን ፊደል ተተካ። በ1878፣ የሩማንያ ነጻነት በበርሊን ጉባኤ በታወቀበት ዓመት፣ ባለቅኔው ቫሲሌ አሌክሳንድሪ በደቡብ ፈረንሳይ በሞንፐልዬ በተደረገ ውድድር ስለ ላቲን ወገን በጻፈው ግጥም ሽልማት ተቀበለ። ትንሿ አገር ዘመድ አገኘች ማለት ነው።

ነገር ግን መድኃኒትም ከልክ ሲያልፍ ይጎዳል። በዚያው ዘመን አንዳንድ ሊቃውንት ከስላቭ የገቡትን ቃላት ሁሉ ከቋንቋው ነቅሎ ለማውጣት በ1870 ዓመታት ትልቅ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ። ሕዝቡ አልተከተላቸውም። ሩማንያዊው እስከ ዛሬ «አዎን» ሲል በስላቮች ቃል «ዳ» ይላል፤ ይህም ላቲንነቱን አላጎደለበትም። ከዚያም ወዲህ በሶቪየት ግዛት ሥር በነበረችው በሞልዶቫ ቋንቋው በቄርሎስ ፊደል እንዲጻፍ ተገዶ ነበርና፣ ሕዝቡ በብዛት ተሰብስቦ ባለበት በነሐሴ ወር መጨረሻ 1989 የላቲን ፊደል በሕግ ተመለሰ። አንድ ፊደል ለሕዝብ ምን ያህል ትልቅ ነገር ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። በአገራችንም የኦሮሞ ቋንቋ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ቁቤ በተባለው የላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ይህን ፊደል የያዘ ሁሉ ላቲን ነኝ እንደማይል ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ላቲን አሜሪካ የሚለው ስም

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚጠራበት፣ ከሁሉም ይልቅ ክርክር ያለበት ይህ ስም ነው። በአሜሪካ የነበሩ የእስፓኝ ግዛቶች በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነጻ ሲወጡ ሲሞን ቦሊቫር አንድ ጊዜም ላቲን አላላቸውም፤ አሜሪካውያን ነበሩ። ስሙ የተነሣው ከፍርሃት ነው። በ1848 ዩናይትድ ስቴትስ ከሜክሲኮ ግዛት ግማሽ ያህሉን ወሰደች። በ1856 ደግሞ ዊልያም ዎከር የተባለ የቴኔሲ ተወላጅ ጦረኛ በኒካራጓ ገብቶ ራሱን ፕሬዚዳንት አስባለ፤ ባርነትን የከለከለውንም ሕግ ሻረ። በዚያው ዓመት በፓሪስ ይኖሩ ከነበሩት ሰዎች መካከል ቺሊያዊው ፍራንሲስኮ ቢልባዎ በንግግሩ፣ ኮሎምቢያዊው ቶሬስ ካይሴዶም በግጥሙ የደቡቡን ሕዝብ በላቲን ስም ጠሩት። የሁለቱም አሳብ የተከፋፈሉት አገሮች በአንድ ስም ተባብረው ከሰሜኑ ኃይል ራሳቸውን እንዲከላከሉ ነበር።

ነገር ግን ይህን ስም ሌሎችም ይፈልጉት ነበር። ፈረንሳዊው ሚሼል ሸቫልዬ ገና በ1836 አውሮፓንና አሜሪካን ላቲንና ጀርመናዊ ብሎ ከፍሎ ነበር፤ ፈረንሳይም የላቲኖች ሁሉ መሪ መሆን እንዳለባት ያምን ነበር። ናፖሌዎን ሣልሳዊ በ1862 ጦሩን ወደ ሜክሲኮ ልኮ፣ በ1864 የኦስትርያውን መስፍን ማክሲሚልያንን በዚያ አነገሠው። ይህም ሥራ ለላቲን ወገን ክብር እንደ ተደረገ ይነገርለት ነበር። ቢልባዎ ግን ወዲያው በ1862 ይህን ወረራ የሚቃወም መጽሐፍ አወጣ፤ ወገንነት በወራሪ እጅ ሲያዝ ምን እንደሚሆን አይቷልና።

አንባብያን እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለው ያስተውሉ። በላቲን ስም ሊገዛ የመጣው ንጉሥ የኦስትርያ ጀርመን ነው። እርሱን ተዋግተው ድል ያደረጉት የሜክሲኮው ፕሬዚዳንት ቤኒቶ ኋሬዝ ደግሞ የዛፖቴክ ተወላጅ ነበሩ፤ የእስፓኝንም ቋንቋ የተማሩት በልጅነታቸው ከመንደራቸው ወጥተው ነው። ማክሲሚልያን በ1867 በኬሬታሮ በጥይት ተደብድቦ በሞተ ጊዜ፣ ላቲን አሜሪካ የሚባለውን ምድር ከወራሪ ያዳነው ሰው በደሙም በአፍ መፍቻ ቋንቋውም ላቲን አልነበረም።

ስለዚህ ስሙ ማንን እንደሚያቅፍ ብቻ ሳይሆን ማንን እንደሚሸፍን መጠየቅ ተገቢ ነው። በአንዴስ ተራሮች ኬችዋና አይማራ፣ በፓራጓይ ጓራኒ፣ በጓቴማላ የማያ ቋንቋዎች ይነገራሉ። ከአፍሪካ በሰንሰለት የተወሰዱት ሰዎች ልጆች በብራዚልና በካሪቢያን በሚሊዮን ይቈጠራሉ። ባሮች ራሳቸው ተዋግተው በ1804 ነጻ ያደረጓት ሄይቲ የምትናገረው ከፈረንሳይኛ የወጣ ክሪዮል ነው፤ ቦሊቫርም በተሰደደ ጊዜ መሣሪያና መጠጊያ የሰጠችው እርስዋ ናት፤ ሆኖም ላቲን አሜሪካ ሲባል ሄይቲን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1948 ለላቲን አሜሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን አቋቁሞ፣ በ1984 በስሙ ላይ «እና ካሪቢያን» የሚል ቃል መጨመሩ ስሙ ለሁሉም እንዳልበቃ ያሳያል። ቦሊቪያም በ2009 ሕገ መንግሥቷ ከእስፓኝኛ ጋር 36 የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎችን የመንግሥት ቋንቋ አድርጋለች።

በዩናይትድ ስቴትስ ደግሞ ስሙ እንደ ጥንቱ የሮማ ሕግ የመዝገብ ክፍል ሆኗል። በ2020 የሕዝብ ቈጠራ 62.1 ሚሊዮን ሰዎች «ሂስፓኒክ ወይም ላቲኖ» ተብለው ተቈጥረዋል። በዚህ መዝገብ ከላቲዩም ምድር የሄደው ኢጣልያዊ ላቲኖ አይባልም፤ ወላጆቹ ማያ የሆኑት የጓቴማላ ልጅ ግን ይባላል። ስሙ ከተነሣበት ሜዳ ምን ያህል እንደ ራቀ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ስሙ የበደል መሸፈኛ በሆነ ጊዜ

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ወሰናችንን ጥሶ በገባ ማግስት፣ በፓሪስ በሚታተም ጋዜጣ ብዙ የታወቁ ፈረንሳውያን ጸሐፊዎች የፈረሙበት መግለጫ ወጣ። መግለጫው ኢጣልያ እንዳትቀጣ የሚከራከር ነበር፤ ሠለጠነ የሚሉትንና አልሠለጠነም የሚሉትን ሕዝብ በሕግ ፊት እኩል ማድረግ ስሕተት ነው የሚል አሳብም ነበረበት። ሙሶሊኒም በግንቦት 1936 የሮማ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት በሮማ ኮረብቶች ላይ እንደ ገና ተገለጠ ብሎ ለሕዝቡ ዐወጀ። የጥንት ስም የአዲስ በደል ልብስ ሆነ።

ነገር ግን ፍርዳችን ትክክለኛ እንዲሆን ሌላውንም ወገን መናገር ይገባናል። በዚያው ወር፣ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ቋንቋ ሌሎች ጸሐፊዎች፣ እንደ ዣክ ማሪታን ያሉ የካቶሊክ ፈላስፎች ጭምር፣ ያንን መግለጫ በመቃወም የፍትሕን ቃል ጽፈዋል። እንግዲህ ስሙ ራሱ ሰውን ደግ ወይም ክፉ አላደረገውም። «የላቲን እኅቶች» ይባሉ የነበሩትን ፈረንሳይንና ኢጣልያንም ዝምድናቸው አላዳናቸውም፤ በሰኔ 1940 ኢጣልያ የወደቀችውን እኅቷን ወጋች።

መደምደሚያ

በ1954 በማድሪድ በተፈረመ ስምምነት «የላቲን ኅብረት» የሚባል የመንግሥታት ማኅበር ተመሠረተ። ከአባሎቹም መካከል ኢጣልያ፣ ሩማንያና ብራዚል ብቻ ሳይሆኑ፣ ሄይቲ፣ ሴኔጋል፣ አንጎላና ሞዛምቢክ ይገኙ ነበር። ይህ ማኅበር በገንዘብ እጥረት ምክንያት በ2012 ሥራውን አቆመ። በአልባ ተራራ ላይ ከመሥዋዕቱ ይካፈሉ የነበሩት ከተሞች ዝርዝርና የዚህ ማኅበር ዝርዝር ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ በመካከላቸው የደም ዝምድና ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። የሚገኘው አንድ ስም ሲሆን፣ ያንንም እያንዳንዱ ትውልድ ለራሱ ችግር እንዲያገለግለው አድርጎ ተርጕሞታል።

ሮማ ሰውን በደረጃ ለመለየት ተጠቀመችበት፤ የካርቴያ ድሆች መሬት አገኙበት፤ ግሪኮች ጠላታቸውን ጠሩበት፤ ሩማንያውያን መብታቸውን ጠየቁበት፤ ቢልባዎ አንድነትን ሰበከበት፤ ናፖሌዎን ወረራውን ሸፈነበት። ስለዚህ አንድ ሕዝብ በታላቅ ስም ሲጠራ በሰማን ጊዜ ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ስሙን ያወጣው ማን ነው? በስሙ የሚጠቀመው ማን ነው? በስሙ ጥላ ሥር ሳይታይ የቀረውስ ማን ነው? ሕዝቡ ራሱ መብቱን ለመጠየቅ የመረጠው ስም ሲሆን እናክብረው። ሌላው በራሱ ጥቅም የጫነበት ሲሆን ግን፣ ከስሙ በስተኋላ የቆመውን ሰው በገዛ ቋንቋው ስሙ ማን እንደ ሆነ ጠይቀን እንወቀው።